አዲስ ጎማ ሲገጠም የምትረሳው ቫልቭ

አራት አዳዲስ ጎማዎች መግዛት ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ባልና ሚስት ተመካክረው፣ ከዕቁቡ ላይ አንሥተው፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እንዳይነካ ተጠንቅቀው የሚገዙት ዕቃ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ጎማ ተገጥሞ ገና በሳምንቱ አንደኛው ጠዋት ጠዋት ጎድሎ ሲገኝ፣ ወቀሳው የሚያርፈው በጎማው ወይም በሸጠው ነጋዴ ላይ ነው። ጎማው ግን ብዙ ጊዜ በደል የለበትም። አየሩ የሚወጣው ማንም ልብ ባላላት፣ ከአንዲት ጣት በማትረዝም አሮጌ ላስቲክ በኩል ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው የዚህችኑ ላስቲክ ነገር ነው፤ ከቸርኬው ቀዳዳ ብቅ ብላ የምትታየውን፣ አየር የሚሞላባትን ጥቁር ቫልቭ። የመኪና ጉዳይ ከቤተሰብ ዓምድ ጋር ምን አገናኘው የሚሉ አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ የምትገባው፣ ማታ አስቤዛ ጭና የምትመለሰው፣ ቅዳሜ አሮጊት እናቷን ሐኪም ቤት የምትወስደው ሴት ቁጥሯ ጥቂት አይደለም። መሪውን የያዘ ሰው ጎማውም ይመለከተዋል።

ቫልቯ ስትታይ አንዲት ብትሆንም የተሠራችው ከሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው አካሏ ሲሆን፣ ይኸውም ቀጭን የናስ ቱቦ በላስቲክ ተለብጦ የሚሠራ ነው። ታችኛው ጫፍ ወፈር ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ አንገቱ ላይ ዙሪያውን የገባ ስርጉድ አለው። የቸርኬው ብረት በዚህ ስርጉድ ውስጥ ይነክስና ቫልቯ ያለ ብሎን፣ ያለ ማጣበቂያ ተይዛ ትቀራለች። ሁለተኛው በቱቦው ውስጥ ተጠምዝዞ የሚገባው ባለ ሞላ መዝጊያ ነው። ከውጭ አየር ሲገፋው ይከፈታል፤ መሙያው ሲነሣ ሞላውና የውስጡ አየር ተጋግዘው መልሰው ይዘጉታል።

ይህ ዓይነቱ መዝጊያ የኒው ዮርኩ የሽሬደር ቤተሰብ ሥራ ሲሆን፣ በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፎትም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። የልጆች ብስክሌት ጎማ በመኪና መሙያ ሊነፋ የሚችለውም ብዙ ብስክሌቶች ይህንኑ ቫልቭ ስለሚጠቀሙ ነው።

የቫልቯ መረሳት ግን የራሱ ምክንያት አለው። ቀድሞ የመኪና ጎማ ሁሉ ሌላ የሚነፋ የውስጥ ጎማ ነበረው፤ ቫልቯም የተጣበቀችው በዚያው በውስጥ ጎማው ላይ ስለ ነበር እርሱ ሲጣል አብራ ትጣል፣ አዲስ ሲገባም አብራ ትታደስ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራው ቱብለስ ጎማ መደበኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቫልቯ የጎማው መሆኗ ቀርቶ የቸርኬው ሆነች። ጎማ ሲለወጥ ቸርኬው ስለማይለወጥ፣ እርሷም ሳትነካ ለሁለተኛ፣ አንዳንዴም ለሦስተኛ ጎማ ታገለግላለች።

ጎሚስታው ዘንድ የቆመች ሴት ቫልቯም ትለወጥ ብላ ስትጠይቅ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» የሚል መልስ ሊሰጣት ይችላል። ሠራተኛው ሊያታልላት ፈልጎ ነው ማለት አይደለም፤ ከውጭ የሚታየው የቫልቯ ግማሽ በእርግጥም ደህና ሊመስል ይችላል። የሚያረጀው ግን ከቸርኬው ጋር የምትገናኝበት ሥሯ ነው። ላስቲክ በፀሐይ፣ በሙቀትና በአየር ውስጥ ባለው ኦዞን እየደረቀ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ መንኮራኩሩ በፈጠነ ቁጥር ቫልቯ ወደ ውጭ እየተሳበች ትታጠፋለች፤ ከፍሬኑ የሚመጣውም ሙቀት ያገኛታል። ስለሆነም ቫልቯን በጣት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሥሯን ማየት ያስፈልጋል። ጥቃቅን ስንጥቆች ከታዩ ክርክሩ አለቀ።

የላስቲኩ ጥራት ምን ያህል እንደሚወስን ያሳየ አንድ ጉዳይ በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተነሥቶ ነበር። ቻይና ውስጥ ተሠርተው ወደዚያ አገር የገቡ የላስቲክ ቫልቮች ሥራ ላይ ከዋሉ ብዙም ሳይቆዩ እየተሰነጠቁ አየር ማፍሰስ ጀመሩ፤ የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤትም ጉዳዩን መረመረ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቫልቮች እንዲሰበሰቡና እንዲለወጡም ተደረገ። እንግዲህ አዲስ መባል ብቻውን ዋስትና አይደለም። ገበያ ላይ ለዓመታት በፀሐይ ተሰቅላ የቆየች ቫልቭ ሳትገጠም ልታረጅ ትችላለችና፣ ከመገጠሟ በፊት አጠፍ አድርጎ ማየቱ ነውር የለውም።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ጎማው ከቸርኬው ከወለቀ በኋላ፣ የአሮጌዋ ቫልቭ ወፍራም ታችኛ ጫፍ በቢላዋ ወይም በመቁረጫ ይቆረጥና ቀሪው ወደ ውጭ ይሳባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስለቱ የቀዳዳውን ከንፈር ከጫረው አዲሲቱ ቫልቭ በዚያ ጭረት በኩል ታፈሳለች። ቀጥሎ ቀዳዳው ይጸዳል። በብረት ቸርኬ ላይ ዝገት፣ በአልሙኒየሙ ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይገኛል፤ ይህ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ካልተነሣ ላስቲኩ ብረቱን አጥብቆ አይዝም። ብዙ ቦታ የሚዘለለው ሥራ ይህ ነው፤ በእኛ አስተያየት ቆሞ ለማየት የሚያበቃውም ይኸው ደቂቃ ነው።

ቀዳዳው ከጸዳ በኋላ ቫልቯ በሳሙና ውሃ ትርሳለች። ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት መቀባት ግን ስሕተት ነው፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ላስቲክን ያሳብጣል፣ ያለሰልሰዋል። ከዚያም ከቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ወደ ውጭ ትገባና ጫፏ ላይ በሚጠመዘዝ መሳቢያ ቀጥ ብላ ትሳባለች። ቦታዋን ስትይዝ ጠቅ የሚል ድምፅ ሊሰማ፣ ወይም በእጅ ሊታወቅ ይችላል። በፒንሳ መጎተት ጥርሱን ይበላዋል፤ ወደ ጎን አጣሞ መሳብም ላስቲኩን ከናሱ ሊያላቅቀው ይችላል። ከተገጠመች በኋላ ታችኛው ጫፍ ዙሪያውን እኩል ተቀምጦ መታየት አለበት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለች ተቆርጣ ሌላ ይገባል እንጂ በመዶሻ አትመታም።

መጠኗም አንድ ዓይነት አይደለም። የአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ቀዳዳ 11.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 16 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ያላቸውም ቸርኬዎች አሉ። ትንሿ በትልቁ ቀዳዳ ውስጥ በምንም ዘዴ አትያዝም። የተለመደችው የላስቲክ ቫልቭ የምትችለው ግፊት 65 ፒ.ኤስ.አይ. ድረስ ነው። ጎማቸው ከዚያ በላይ ለሚሞላ የጭነት መኪናዎች ለከፍተኛ ግፊት የተሠራች ወይም በዳዶ የምትታሠር የብረት ቫልቭ ያስፈልጋል። ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ያላቸው ባለንብረቶች ይህን ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

ጎማው ተመልሶ ከተሞላ በኋላ ፍተሻ አለ። አንዳንዱ ጎሚስታ በጣቱ ምራቅ ቀብቶ ያያል፤ ለመዝጊያው ጫፍ ይህም አንድ ነገር ነው። የሳሙና ውሃ ግን ጫፏንም፣ ሥሯንም፣ የጎማውንም ዙሪያ በአንድ ጊዜ ያሳያል። አረፋ ከተነፋ አየር አለ ማለት ነው።

ዛሬ በከተማችን በብዛት የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሌላ ነገር አምጥተዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ዳሽቦርድ ላይ የጎማ አየር መጠቆሚያ መብራት ያላቸው መኪናዎች በዝተዋል። መጠቆሚያው በአሜሪካ ከ2007፣ በቻይና ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች ግዴታ ሆኗል። አንዳንዶቹ ግፊቱን በፍሬኑ ሥርዓት በኩል ይገምታሉ፤ በሌሎቹ ግን ከቫልቯ ጋር ተያይዞ ጎማው ውስጥ የተቀመጠ ባለ ባትሪ መሣሪያ አለ። ጎማ ማውለቂያው ብረት ይህን መሣሪያ በአንድ ምት ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ቫልቯ ላይ መሣሪያ አላት» ብሎ መንገር ይገባል፤ ከተሰበረ በኋላ ማን ሰበረው ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ጎማ ሲለወጥ መሣሪያው ራሱ አይጣልም። የሚታደሱት ጎሚኒው፣ ዳዶው፣ ባለ ሞላው መዝጊያና ክዳኑ ናቸው። መዝጊያው በኒኬል የተለበጠ መሆን አለበት። ተራው የናስ መዝጊያ በአልሙኒየም ቫልቭ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ብረቶች ተበላልተው ይጣበቃሉ፤ በኋላ ለማውጣት ሲሞከርም ቫልቯ ትሰበራለች። የብረት ክዳንም በዚሁ ምክንያት አይመከርም፤ የፕላስቲኩ ይበልጣል።

አየር በቀስታ መጉደሉ ይህን ያህል የሚያሳስበው ስለ ምንድን ነው ቢባል፣ አደጋው የሚመጣው ቆሞ ሳለ ስላልሆነ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በመንገድ ላይ ጎኑ አለመጠን ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም የውስጡን ሽፋኖች ያላቅቃል። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው በፍጥነት መንገድ ወደ አዳማ ሲወረድ የሚፈነዳው ጎማ፣ ምናልባት ለሳምንታት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲያፈስ የሰነበተው ነው። መብራቱን መጠበቅም አይበቃም፤ በአሜሪካው ደንብ እንኳ እንዲበራ የሚገደደው ግፊቱ ከተወሰነለት በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። ግፊት የሚለካው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ነው። ትክክለኛው መጠንም ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ነውና በእርሱ አይሞላም።

ክዳኗን ልጆች ነቅለው ሲጫወቱባት ዝም ማለት የተለመደ ነው። አየሩን በዋናነት የሚይዘው መዝጊያው ቢሆንም፣ ክዳን የሌላት ቫልቭ አቧራና ጭቃ ትቅማለች፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ በመዝጊያው ከንፈር ላይ ከተቀመጠች ማፍሰስ ይጀምራል። ኋላ ሣጥን ውስጥ የተኛው ስኮርታም የራሱ ቫልቭ አለው። አራቱ ጎማዎች ሲለወጡ እርሱም ይውረድና ሥሯ ይታይ፣ አየሩም ይለካ።