ኑጉን ሸጠን ምን እንገዛለን?

በዳንግላ አካባቢ በመስከረምና በጥቅምት ማሳው ቢጫ ይሆናል። ኑግ አብቦ ነው። ንቦች ከአበባ ወደ አበባ ይበራሉ። ወራት አልፎ ኑጉ ይታጨዳል፤ ይወቃል፤ በጆንያ ይሞላል። በአህያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል። ነጋዴው ይገዛዋል። ገበሬውም ገንዘቡን ይቀበላል።

ከዚያስ? ብዙ ሰው በዚያው ገበያ ወደ ሱቅ ጎራ ይልና ዘይት ይገዛል። የሚገዛውም ዘይት ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ የፓልም ዘይት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዘይት እህል ሸጠን ዘይት እንገዛለን ማለት ነው። ሁለቱም ዘይት ከተባለ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ በኪሳችን ብቻ ሳይሆን በደማችንም ውስጥ ነው። እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ቃሉ ከውጭ የመጣ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ኮ - ሌስ - ት - ሮል። ኮሌስትሮል።

ኮሌስትሮል እንደ ሰም ያለ ስብ መሰል ነገር ነው። በእያንዳንዳችን ደም ውስጥ አለ። ጠላት አይደለም። ሰውነታችን ያለ እሱ አይሠራም። ሐሞት የሚሠራው ከእሱ ነው። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ በተለይም ጉበት። የቀረው ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይመጣል። በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ችግር የሚመጣው ሲበዛ ነው። የመስኖ ቦይ አይታችኋል። ውሃው ደለል ይዞ ሲመጣ ደለሉ በቦዩ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ዓመት በዓመት ቦዩ ይጠባል። አንድ ቀን ይደፈናል። ማሳውም ይደርቃል። የደም ሥርም እንዲሁ ነው። ደለል የሚሆነውን ዓይነት ባለሙያዎች መጥፎ ኮሌስትሮል ይሉታል። ወደ ልብ የሚሄደው የደም ሥር ከተደፈነ ልብ ይጎዳል። ወደ አንጎል የሚሄደው ከተደፈነ ሰው በድንገት ይወድቃል፤ ግማሽ አካሉ ይሰንፋል፤ አፉ ይታሰራል። ይህ ስትሮክ ይባላል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ዝምታው ነው። ኮሌስትሮል ሲበዛ አያምም፤ አያስልም፤ አያተኩስም። የሚታወቀው ደም ሲመረመር ብቻ ነው።

ይህ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው ወይ?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመላ አገሪቱ ጥናት አካሂዶ ነበር። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆነ ወደ 9,800 የሚጠጉ ሰዎች በጥናቱ ተካፍለዋል። ከከተማም ከገጠርም የተውጣጡ ነበሩ። ከ100 ሰዎች የ14ቱ ያህል መጥፎ ኮሌስትሮል ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኘ። ከ100 ሰዎች 98 ያህሉ ደግሞ በቂ አትክልትና ፍራፍሬ አይበሉም ነበር።

14 ከ100 ትንሽ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ጎጥ 100 አዋቂዎች ቢኖሩና 14ቱ ሳያውቁት ደለል ቢጠራቀምባቸው፣ የ14 ቤት ምሰሶ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው።

የእጽዋት ስቴሮል

አሁን ሁለተኛውን አዲስ ቃል እናንብብ፦ ስ - ቴ - ሮል። ስቴሮል።

በእጽዋት ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚመስል ነገር አለ። የእጽዋት ስቴሮል ይባላል። ሁለቱ እንደ መንታ ወንድማማቾች ይመሳሰላሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

በምን ይረዳናል? በምሳሌ እንየው። ዳንግላና እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። አንድ ሚኒባስ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሊነሣ ነው እንበል። መቀመጫው 12 ነው። 12 ሰዎች ቢመጡ ሁሉም ይሳፈራሉ። ነገር ግን መልካቸው የሚመሳሰል ሌሎች ሰዎች ቀድመው መጥተው 5 መቀመጫ ቢይዙ፣ ከ12ቱ የሚሳፈሩት 7 ብቻ ናቸው። 5ቱ መናኸሪያው ላይ ይቀራሉ።

በአንጀታችንም የሚሆነው ይህን ይመስላል። ኮሌስትሮል ወደ ደም ለመግባት በሐሞት ከሚሠሩ ደቃቅ የስብ ጠብታዎች ጋር መሳፈር አለበት። የእጽዋት ስቴሮል በምግቡ ውስጥ ካለ መቀመጫውን ይሻማዋል። ቦታ ያጣው ኮሌስትሮል ከሰገራ ጋር ይወጣል።

ታዲያ ስቴሮሉስ ደም ውስጥ ገብቶ አይጠራቀምም? አይጠራቀምም። አንጀት እንደ ኬላ ጠባቂ ነው። ለይቶ ያውቀዋል፤ ይመልሰዋል። ከምንበላው ኮሌስትሮል ከ100 እጅ 50 እጅ ያህሉ ወደ ደም ይገባል። ከእጽዋት ስቴሮል ግን 5 እጅ እንኳ አይገባም። ከልደታቸው ጀምሮ ኬላው የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

ይህ ነገር የታወቀው ዛሬ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ፖላክ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ አገር ለሰዎች የእጽዋት ስቴሮል ሰጥቶ የደማቸው ኮሌስትሮል መቀነሱን ጻፈ። በ1995 ደግሞ በፊንላንድ አገር ከጥድ እንጨት የተገኘ ስቴሮል ተለውጦ የተጨመረበት የዳቦ ቅባት ለገበያ ወጣ።

እውነቱን እንናገር፤ መጠኑ ትንሽ ነው

በጥናት እንደታወቀው አዋቂ ሰው በቀን 2 ግራም ያህል የእጽዋት ስቴሮል ቢያገኝ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ100 እጅ ከ8 እስከ 10 እጅ ያህል ይቀንሳል። በዕለት ምግብ የሚገኘው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። አብዛኛው ሰው በቀን የሚያገኘው የ1 ግራም ሲሶ ያህል ነው። ጥራጥሬ፣ እህልና የዘይት እህል አዘውትሮ የሚበላ ሰው ከዚህ የበለጠ ያገኛል።

ስለዚህ ገበያ መሐል ቆሞ «ይህን ጠጡ፤ ኮሌስትሮላችሁ ይጠፋል» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ምግብ ይረዳል እንጂ መድኃኒትን አይተካም። ስቴሮል ብቻውን የልብ ሕመምን እንደሚከላከልም በጥናት አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው መጥፎውን ኮሌስትሮል መቀነሱ ነው።

እንግዲህ ጥቅሙ ትንሽ ከሆነ ስለ ኑግ ለምን እናወራለን? ምክንያቱም በማዕድ ላይ አንዱ ሲቀር ሌላው ይተካዋል። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኑግና የሚረጋ ዘይት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ የበቀለ ኑግን መርምሯል። በኑግ ዘይት ውስጥ የእጽዋት ስቴሮል ተገኘ። ዋናው ሲቶስቴሮል የሚባለው ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከኑግ ዘይት ከ100 እጅ ከ70 የሚበልጠው የማይረጋ ስብ ነው። ይህ ስብ በሚረጋው ስብ ፈንታ ሲበላ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል።

የፓልም ዘይትስ? ግማሽ ገደማው የሚረጋ ስብ ነው። የሚረጋ ስብ ጉበትን መጥፎ ኮሌስትሮል ከደም እንዳያነሣ ያዘገየዋል። ስቴሮሉም ከሌሎች የዘር ዘይቶች ያነሰ ነው። ቅቤም የሚረጋ ስብ አለው፤ ከ100 እጅ 60 የሚበልጠው የሚረጋ ነው።

የእንጅባራ ሰው ይህን በዓይኑ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ሌሊቱን ያደረውን ዘይት ጠዋት እዩት። አንዱ ረግቶ ነጭ ይሆናል። የኑግ ዘይት ግን እንደ ውሃ ይፈስሳል።

እንግዲህ ኑጉን ሁሉ ሸጦ የሚረጋ ዘይት የሚገዛ ቤት ሁለት ነገር ያጣል። ኮሌስትሮልን የሚሻማውን ስቴሮል ያጣል፤ የማይረጋውንም ስብ ያጣል። በምትኩ የሚረጋውን ያስገባል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ይህ ነው።

ከጓሯችን ሌላ ምን አለ?

ስቴሮል በኑግ ብቻ አይገኝም። በባቄላ፣ በአተር፣ በምስር፣ በተልባ፣ በሱፍና በሰሊጥ ውስጥም አለ። በጾም ወራት የምንበላው ሽሮና ተልባ ስቴሮል ያለበት ምግብ ነው።

ኑግ በእንጅባራ ደጋ ብዙ አይመችም። ነገር ግን ደጋው የራሱ ሀብት አለው፤ ገብስና እንግዶ። በሁለቱ እህሎች ውስጥ በውሃ ሲፈላ የሚለጠልጥ ነገር አለ። ይህም ሐሞትን በአንጀት ውስጥ ይይዝና ከሰገራ ጋር ያስወጣል። ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። ስለዚህ የገብስ ቆሎ፣ በሶና የእንግዶ ገንፎ የድሃ ምግብ ተብለው የሚናቁ አይደሉም።

በንባብ ክፍል የተነሡ ጥያቄዎች

አንድ አዛውንት እንዲህ አሉ፦ «አንተ ልጅ፣ አባቶቻችን ቅቤ በልተው ሰማንያ ዓመት ኖሩ አይደለም እንዴ?»

እውነትዎን ነው፣ አባቴ። ነገር ግን አባቶቻችን ቅቤ የሚበሉት በየቀኑ አልነበረም። ዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾማሉ። በቀሩት ቀናትም ማጀቱ ሁልጊዜ ቅቤ አይኖረውም። ከዚያም ሌላ ቀኑን ሙሉ ያርሳሉ፤ አቀበት ይወጣሉ፤ ቁልቁለት ይወርዳሉ። በዓል ሲመጣ ቅቤ መቅመስ አይከለከልም። የሚጎዳው በየቀኑ፣ በብዛት፣ ያለ ሥራ ሲሆን ነው።

አንዲት እናት ደግሞ «ታዲያ ለልጆቼ ወተትና እንቁላል ልከልክል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

የለም፣ እማማ። ይህ ትምህርት ለአዋቂዎች ነው። ልጅ ለማደግ ወተትም እንቁላልም ያስፈልገዋል። አይከልክሉት።

ሦስተኛው ጥያቄ ከአንድ ወጣት ገበሬ መጣ፦ «ኑጉን ካልሸጥሁ የማዳበሪያና የደብተር ገንዘብ ከየት ይመጣል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁሉንም አትሽጥ ነው የምንለው። ከ10 ጣሳ 2 ወይም 3 ጣሳ ለቤትህ አስቀር። የቀረውን ሽጥ። ከሱቅ የምትገዛው ዘይት በዚያው ልክ ይቀንስልሃል።

ምን እናድርግ?

1. ከኑጋችን ለቤት የሚሆን እናስቀር። ከመቁላታችን ወይም ከማስጨመቃችን በፊት ባዕድ ዘሩንና የሻገተውን እንልቀም።

2. የኑግ ዘይት ቶሎ ይበላሻል። ብርሃን በማይደርስበት ቦታ፣ በተከደነ ዕቃ እናስቀምጥ። በአንድ ጊዜ ብዙ አናስጨምቅ። ሽታው የተለወጠውን አንብላ። የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግመን አናፍላ።

3. አሁን ማንበብ ችለናል። ከሱቅ ዘይት ስንገዛ የጀሪካኑን ጽሑፍ እናንብብ። «ፓልም» የሚል ካለ የሚረጋ ዘይት ነው። «ኑግ»፣ «ሱፍ» ወይም «አኩሪ አተር» የሚል ካገኘንና አቅማችን ከፈቀደ እሱን እንምረጥ።

4. የትኛውም ዘይት ቢሆን አናብዛ። ጎመን፣ ድንችና ጥራጥሬ ከማዕዳችን አይጥፋ።

5. ዕድሜው 40 ዓመት ያለፈ፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ ወይም ከቤተሰቡ መካከል በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የተጠቃ ሰው ያለው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ደም ምርመራ ይጠይቅ። ምርመራው እዚያ ከሌለ ወደ ሆስፒታል ይልኩታል።

6. ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ሰው «ኑግ እበላለሁ» ብሎ መድኃኒቱን አያቁም። ሲጋራ የሚያጨስም ይተው፤ ትምባሆ የደም ሥርን ይጎዳል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። የደም ሥር ደለል ከሞላ በኋላ መጥረጉ ከባድ ነው። ደለሉ ገና ሲጀምር መከላከል ግን በማሳችንና በማጀታችን ይጀመራል።

ካነበባችሁ በኋላ መልሱ

ሀ. ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው በየትኛው የሰውነት ክፍል ነው?

ለ. የእጽዋት ስቴሮል ኮሌስትሮልን በአንጀት ውስጥ ምን ያደርገዋል?

ሐ. በብርድ የሚረጋው የትኛው ዘይት ነው?

መ. እቤታችሁ ያለውን የዘይት ጀሪካን አንሡ። በላዩ ላይ የተጻፈውን ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከምን የተሠራ ነው?