ከቦሌ ሜዳ ሥር ያለው ምድር

ቦሌ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው አውሮፕላን፣ ሰፊ አስፋልትና ፎቅ ነው፤ ድንጋይ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እኛም ብንሆን አንድ ቅዳሜ ጧት ለፎቅ መሠረት በሚቆፈር ጉድጓድ አፋፍ ላይ እስክንቆም ድረስ ከእግራችን በታች ስላለው ነገር ጠይቀን አናውቅም ነበር። ወደዚያ የወሰዱን በዕድሜ የገፉ አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ናቸው። መሣሪያቸው ብዙ አይደለም፤ አንድ መዶሻ፣ አንድ ኮምፓስ፣ በአንገታቸው የተንጠለጠለች አጉሊ መነጽር፣ አንድ ደብተርና አሲድ የያዘች ብልቃጥ። ብልቃጧን ቀኑን ሙሉ አልከፈቷትም። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ አሲዱ የሚጠቅመው የኖራ ድንጋይን ለመለየት እንደ ሆነ፣ በቦሌ ግን ቆፋሪ የሚደርስበት አለት ሁሉ የእሳተ ገሞራ ሥራ ስለ ሆነ ብልቃጧ ከልማድ የተነሣ ብቻ እንደምትከተላቸው ገለጡልን።

የጉድጓዱ የላይኛው ክፍል ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ለጤፍና ለሽምብራ መልካም ነው፤ ለግንብ ግን ክፉ ጠላት ነው። በግድግዳው ላይ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ የሚወርድ ስንጥቅ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ግንበኛውን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን አንዳንዴ የአፈሩ ነው። ስለዚህ አዋቂ ሠራተኛ መረሬውን ጠርጎ ያወጣና በስፍራው ገረጋንቲ ይሞላል። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ይህን የዘለለ ሰው ቁጠባውን ኋላ በልስን ይከፍለዋል።

ከመረሬው በታች በእጅ የሚፈረፈር ግራጫ ነገር፣ ከእርሱም በታች መዶሻ ሲያርፍበት የሚጮኽ አለት አለ። ባለሙያው ቁራሽ ፈልጠው በአጉሊ መነጽር ሲያሳዩን፣ በግራጫው ውስጥ እንደ ተጨፈለቀ ባቄላ ጠፍጣፋ የሆኑ ጥቋቁር የመስተዋት ቅንጣቶች አየን። ይህ ድንጋይ ኢግኒምብራይት ይባላል። አወላለዱ የሚያስፈራ ነው። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ቅልጡ ድንጋይ እንደ ወንዝ በመፍሰስ ፈንታ አመድና ጋዝ ሆኖ፣ እንደ ደመና በምድር ላይ ይጋልባል፤ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል፤ ሲያርፍም ከሙቀቱና ከክብደቱ የተነሣ አመዱ እርስ በርሱ ተጣብቆ አለት ይሆናል። የጠፈጠፉት የመስተዋት ቅንጣቶች የዚያ ክብደት ምልክት ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር ለጄት አውሮፕላን የሚበቃ ሰፊ ሜዳ የተገኘው፣ እንዲህ ባለው አመድና በጥቁሩ ባዛልት በተነጠፈ ምድር ላይ ነው።

ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርድ ሰው በድንጋይ ረገድ ከሽማግሌ ወደ ወጣት ይሄዳል። ሊቃውንት በአለቱ ውስጥ ያለው ፖታስየም ቀስ በቀስ ወደ አርገን ጋዝ መለወጡን በመለካት ዕድሜውን ያውቃሉ። በዚህ ልክ የእንጦጦ ድንጋይ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የመካከለኛው ከተማ ባዛልት 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ጎልቶ የሚታየው የየረር ተራራ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ይህን ከእርጅና ወደ ወጣትነት የሚሄድ ቅደም ተከተል ሞርተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ኔቸር በተባለው መጽሔት አውጥተውታል። ከአሥር ዓመት በኋላ ኃይለ ሥላሴ ግርማይና ጌታነህ አሰፋ ከአዲስ አበባ እስከ ናዝሬት ያለውን የአለት ድርብርብ ለይተው ጻፉ። ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚጠቅሱት ይህንኑ ጽሑፍ ነው።

ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ እሳተ ገሞራ በታች ምን አለ? መልሱን ለማየት መቆፈር አያስፈልግም፤ ወደ ሙገር ሸለቆ መውረድ ይበቃል። ወንዙ የላይኛውን ባዛልት ቆርጦ ስለ ጨረሰ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ድርብርብ ወጥቶ ይታያል። ይህ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ባሕር ገብቶ በወጣበት ጎድጓዳ ምድር የተዘረጋ ደለል ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈጨው ድንጋይ ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ የቦሌ ፎቆች የቆሙት በእሳተ ገሞራ ላይ፣ የተጣበቁትም ከጥንት ባሕር በወጣ ኖራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። የባለሙያው ብልቃጥም እዚያ ብትሄድ ሥራ ታገኝ ነበር።

አሁን ወደ ስብራቱ እንምጣ። ፍል ውሃ የፈላው በአጋጣሚ አይደለም። ከተማውን ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ የሚያቋርጥ፣ ሊቃውንት የፍል ውሃ ስብራት የሚሉት የምድር ቁርጥ አለ፤ ወደ ታች የሰረገ ውሃ ሞቆ የሚመለሰው በዚህ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በዚያ ሙቅ ውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ የመረጡት ስፍራ፣ ባያውቁትም፣ የስብራት አፍ ነበር። ከዚህ መስመር ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያለው ምድር፣ ቦሌን ጨምሮ፣ የስምጥ ሸለቆው ደረጃ ነው። ደብረ ሲና ላይ የቆመ ሰው ሸለቆውን እንደ ገደል ያየዋል። በአዲስ አበባ በኩል ግን ገደል የለም፤ ምድሩ ከቦሌ 2,334 ሜትር ተነሥቶ ቢሾፍቱ ላይ ወደ 1,900፣ አዳማ ላይ ወደ 1,700 ሜትር እያለ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የአዳማ መንገደኛ ወደ ስምጥ ሸለቆ መግባቱን ሳያውቅ ይገባል።

ያ ሸለቆ ዛሬም ይከፈታል። የመክፈቻው ፍጥነት በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዐድዋ ድል ወዲህ ያለውን ብንቆጥር ሁለቱ ዳርቻዎች ከስድሳ ሳንቲ ሜትር በላይ ተራርቀዋል ማለት ነው። ምድርም ሁልጊዜ በዝግታ ብቻ አትከፈትም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የተነሣው ታላቅ መንቀጥቀጥ ዋና ከተማውን አስደንግጧል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ደግሞ በካራ ቆሬ የተነሣው የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሞ ነበር፤ መሥራቹ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን እንደ እነዚህ ያሉትን ሁሉ ከጥንት ጽሑፍ ጭምር ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ኦብዘርቫቶሪው ለሌላ ጉዳይ፣ ይኸውም የመግነጢስ ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ እርሱን ለመለካት መቋቋሙን ስንሰማ ገርሞናል።

በ2017 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢያችን ራሱ ያስታውሳል። መስከረም 26 ቀን ማታ በቦሌና በአያት በረጃጅም ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች መብራቱ ሲወዛወዝ አይተው በደረጃ ወረዱ። የመንቀጥቀጡ ምንጭ ከአዲስ አበባ በአየር መስመር 130 ኪሎ ሜትር ያኸል የሚርቀው የፈንታሌ አካባቢ ነበር። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ድንጋይ በምድር ውስጥ ስንጥቅ እየከፈተ ይገባ ስለ ነበር መንቀጥቀጡ ለወራት ቀጠለ፤ የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 ደረሰ። በአፋርና በኦሮሚያ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቆ ወጣ። በእኛ ላይ የደረሰው ድንጋጤ ብቻ ነው፤ የእነርሱ ግን ቤት ማጣት ነው።

በአንድ ሰፈር ሆነው አንዱ ሲሰማው ሌላው ያልተሰማውስ ለምንድን ነው? ከሩቅ የሚመጣው ሞገድ በጉዞው ፈጣኑ ርግብግቢት ይደክምና ዝግ ያለው ይቀራል፤ ዝግ ያለው ደግሞ ረጅሙን ፎቅ ያወዛውዘዋል፤ የምድር ቤቱን ሰው ግን አይነካውም። ከዚህም ሌላ ለስላሳ አፈር እንቅስቃሴውን ያጎላዋል፤ በአለት ላይ የቆመ ቤትና በጥልቅ መረሬ ላይ የቆመ ቤት እኩል አይነቃነቁም። እንግዲህ በምሥራቅ አዲስ አበባ መረሬው የት ሁለት ሜትር፣ የት አሥር ሜትር እንደሚወርድ ማወቅ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህን የሚያውቀው ግን ማን ነው? እያንዳንዱ ፎቅ ሲሠራ ምድሩ በመሰርሰሪያ ይመረመራል፤ ወረቀቱ ይጻፋል። ያ ወረቀት በባለቤቱ መሳቢያ ከቀረ ጎረቤቱ እንደ ገና ከፍሎ ያንኑ ይቆፍራል። በማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ የግንባታ ፈቃድ የሚፈርም ወጣት ሹም አንዱን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቢያስተርፍ፣ የከተማው ምድር ካርታ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሞላ ነበር። ተማሪዎችም ኮንክሪት ሳይፈስ በፊት ወደ ጉድጓዱ እንዲወርዱ ቢፈቀድላቸው መልካም ነው፤ ቦሌ ውስጥ አለቱ ለፀሐይ የሚታይበት ጊዜ ከጥቂት ሳምንት አይበልጥምና።

እኛ ቆመን ይህን ስንነጋገር የሲሚንቶ መኪናዎቹ መጥተው ተሰለፉ፤ የጥበቃ ሠራተኛውም ከአፋፉ ራቁ አለን። ባለሙያው የመረሬውን ጥልቀትና የስንጥቁን አቅጣጫ በደብተራቸው አስፍረው ሲያበቁ፣ ከግራጫው አለት የፈለጡትን ቁራሽ ቁጥር ሰጥተው በወረቀት ጠቀለሉት። ወረቀቱን ብናየው ባለፈው እሑድ የወጣው የእኛው ጋዜጣ ነበር።