ከንጋት እስከ ሌሊት፦ ቀኑን ሙሉ የሚናገረው የሬዲዮ ጣቢያ

የብሪታንያው ቢቢሲ ካሉት በርካታ የሬዲዮ ጣቢያዎች መካከል ሬዲዮ 4 ተብሎ የሚጠራው በአንድ ነገር ይለያል። ስርጭቱ ከሞላ ጎደል ንግግር ብቻ ነው። ዜና፣ ውይይት፣ ድራማ፣ የመጽሐፍ ትረካና የኪነ ጥበብ ዝግጅት ተራቸውን ጠብቀው ይቀርቡበታል። ጣቢያው የአሁኑን ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት «ሆም ሰርቪስ» በመባል ይታወቅ ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሰዓቶች የለንደን ሲሆኑ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር አድማጭ እንደ ወቅቱና እንደሚኖርበት አገር ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይጨምርበታል።

በሥራ ቀናት ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ «ቱዴይ» የተሰኘው የወቅታዊ ጉዳዮች ዝግጅት ነው። ይህ ዝግጅት ከ1957 ጀምሮ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ሚኒስትሮችና የተቃዋሚ መሪዎች ጠንከር ያለ ጥያቄ የሚቀርብላቸው በዚሁ ነው። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ «የሴቶች ሰዓት» ይቀጥላል። ፕሮግራሙ በ1946 ሲጀመር አቅራቢው ወንድ እንደነበር ዛሬ የሚሰማ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከቀኑ 7 ሰዓት እንደገና ዜናና ትንታኔ ይቀርባል።

ከሁሉም በላይ የጣቢያውን ባሕርይ የሚያሳየው ግን ምሽት 1 ሰዓት ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል የሚተላለፈው «ዘ አርቸርስ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ነው። ታሪኩ አምብሪጅ በምትባል የልብ ወለድ መንደር ውስጥ ይካሄዳል። መነሻው ኪነ ጥበብ ሳይሆን እርሻ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ ምግብ በራሽን ታከፋፍል ስለነበር፣ አዲስ የአመራረት ዘዴ ለገበሬው ማድረስ አስፈላጊ ሆነ። ደረቅ ትምህርት የሚያዳምጠው እንደማያገኝ በመታመኑ፣ አዘጋጁ ጎድፍሬይ ቤዝሊ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር እየተመካከረ ምክሩን በአንድ ቤተሰብ ኑሮ ውስጥ አስገባው። ድራማው በ1950 በመካከለኛው እንግሊዝ ተሞክሮ፣ በጥር ወር 1951 መጀመሪያ ቀን ለመላው አገር መተላለፍ ጀመረ። እስካሁንም አልተቋረጠም። የብረት በር ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሰጥ የነበረው ከአሮጌ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነበር፤ የቀረውን የሚሞላው አድማጩ ራሱ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ድራማ አቅም በግልጽ የታየው በ2016 ነው። ሔለን የተባለች ገጸ ባሕርይ ሮብ የሚባል ሰው አገባች። ሮብ አልፎ አልፎ እጁን ቢሰነዝርም ዋናው መሣሪያው ሌላ ነበር። የምትለብሰውን ልብስ ይመርጥላታል፤ መኪና መንዳቷን ያስተዋታል፤ ከወዳጆቿ ቀስ በቀስ ይለያታል፤ የምትናገረውን ሁሉ ከሕመሟ የመጣ ነው እያለ በራሷ አእምሮ እንድትጠራጠር ያደርጋታል። የመንደሩ ሰዎች ግን ሮብን የሚያዩት እንደ ደግና አሳቢ ባል ነበር። በአራት ግድግዳ መካከል የሚሆነውን የሚሰማው አድማጩ ብቻ ነው። ይህም ከሁለት ዓመት በላይ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ራት በሚበስልበት ሰዓት በየቤቱ ተሰማ።

በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለው በቤት ውስጥ የሚፈጸም የማያቋርጥ ቁጥጥር በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል የሆነው በታኅሣሥ 2015 ነው። ሕጉን በዜና መግለጽ ይቻላል፤ አንዲት ሴት ለምን ጥላ እንደማትወጣ ግን በሦስት ደቂቃ ዘገባ ማስረዳት ያዳግታል። በሚያዝያ 2016 ሔለን ባሏን በቢላዋ ስትወጋ የአገሪቱ ጋዜጦች ነገሩን እውነተኛ ክስ እስኪመስል ድረስ ተከታተሉት። አንድ አድማጭ የጀመረው የገንዘብ ማሰባሰቢያም ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች መርጃ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ አስገኘ። በመስከረም ወር አንድ ሰዓት በፈጀ ልዩ ክፍል ዳኞቹ ሔለንን በነጻ አሰናበቷት።

ለአማርኛ አድማጭ ይህ መንገድ እንግዳ አይደለም። ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተማረው በተመሳሳይ ዘዴ ነበር።

ከ«አርቸርስ» ቀጥሎ ስለ ቲያትር፣ ፊልምና መጻሕፍት የሚያወሳው «ፍሮንት ሮው» ይቀርባል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ ደግሞ አንድ ልብ ወለድ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ይነበባል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርክ ያደመጠ ሰው የዚህን ጣዕም በሚገባ ያውቀዋል።

እኩለ ሌሊት ላይ የቢግ ቤን ደወል በቀጥታ ይሰማል፤ ዜናም ይከተላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ48 ደቂቃ የመርከበኞች የአየር ትንበያ ይነበባል። በብሪታንያ ዙሪያ ያሉ 31 የባሕር ክልሎች በስም እየተጠሩ የነፋሱ አቅጣጫና ኃይል፣ ዝናቡና የእይታ ርቀቱ ይነገራል። ከክልሎቹ አንዱ የአገሪቱን የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመሠረቱትን የሮበርት ፊትዝሮይን ስም ከ2002 ጀምሮ ይዟል። ባሕር አይተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ይህን ለመስማት ሲሉ ብቻ ሳይተኙ ይቆያሉ። ከዚያም ብሔራዊ መዝሙሩ ይሰማና ማዕበሉ ለቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት እስከ ንጋት ይለቀቃል።