የደጋ ተክል ከውርጭ፥ የቆላ ተክል ከጨው ጋር ስለሚያደርገው ትግል

በጉራጌ አገር በጉመር ደጋ በምትገኘው በአረቅጥ ከተማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፥ ሌሊቱም ሲበርድ፥ የጓሮውን እንሰት እየተመለከተ መስጋቱ የታወቀ ነው። ውርጭ በጣለበት ሌሊት ማግሥት የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል ጠውልጎ፥ ጫፉም ጠቁሮ እንደ ተለበለበ ሆኖ ይታያልና። ሕዝቡም ይህን «ውርጭ አቃጠለው» ይለዋል። ብርድ ያቃጥላል ማለት ለሚሰማው ሰው እርስ በርሱ የሚቃረን ንግግር ይመስላል፤ ነገር ግን የዕፅዋትን ሕዋስ የመረመሩ ሊቃውንት የደረሱበት ነገር የገበሬው አነጋገር ከእውነት የራቀ አለመሆኑን ያስረዳል።

ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከአየርና ከውሃ ምግብ የሚሠራው በሕዋሱ ውስጥ ባለው ክሎሮፕላስት በሚባለው አረንጓዴ ክፍል ነው። ይህም ክፍል በውሃ በሚዞር ወፍጮ ሊመሰል ይቻላል። ብርሃኑ ወፍጮውን እንደሚያዞረው ውሃ ነው፤ ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደሚፈጨው እህል ነው። ሌሊቱ እጅግ በርዶ ባደረ ጊዜ ምግቡን የሚሠሩት ኤንዛይሞች ደንዝዘው ያድራሉ። ፀሐይ ግን በደጋ አገር አየሩ ስስ፥ ሰማዩም ጥሩ ስለ ሆነ፥ ገና በማለዳው በብርቱ ታበራለች። እንግዲህ ውሃው ወፍጮውን ይመታል፥ የሚፈጭ እህል ግን የለም። ሥራ ያጣው ኃይል በቅጠሉ ውስጥ ወዳለው ኦክሲጅን ይተላለፋል፤ ኦክሲጅኑም ጠባዩ ተለውጦ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ይሆናል። በረዶ ሆኖ የረጋው ውሃ ሕዋሱን ማድረቁና መሰንጠቁ የሌሊቱ ጉዳት ሲሆን፥ ይህ ደግሞ የማለዳው ጉዳት ነው። ብረትን ዝገት የሚያደርገው ያው ኦክሲጅን የሕዋሱን ስብ፥ ፕሮቲኑንና የዘሩን መዝገብ ሳይቀር ይበላል።

ጠባዩ የተለወጠው ኦክሲጅን ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ሱፐርኦክሳይድ፥ ሁለተኛው በሐኪም ቤት ቁስል ለማጠብ የሚታወቀው ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ፥ ከሁሉም የሚከፋው ሃይድሮክሲል የሚባለው ነው። ተክልም ጠላቱን ሸሽቶ ማምለጥ ስለማይችል በቆመበት የሚከላከልበት መሣሪያ ተሰጥቶታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሱፐርኦክሳይድን የሚያጠፋውን ኤንዛይም ከበሬ ደም አግኝተው አስታወቁ፤ በኋላም ያው ኤንዛይም በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። ይህ ኤንዛይም ሱፐርኦክሳይዱን ወደ ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ የቀረውን ሌሎች ተቀብለው ውሃ አድርገው ይፈጽሙታል። በዚህ ሥራ ዋናው ረዳት በሎሚና በብርቱካን የምናውቀው ቫይታሚን ሲ ነው። በ1976 ፎየርና ሃሊዌል የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት፥ ከእነርሱም ጋር ስሙ የሚጠራው ጃፓናዊው አሳዳ፥ ይህ ቫይታሚን በሥራው ከደከመ በኋላ በክሎሮፕላስት ውስጥ እንዴት እየታደሰ እንደሚመለስ አስረዱ።

ይሁን እንጂ ተክሉ ይህን ክፉ ኦክሲጅን ፈጽሞ አያጠፋውም። ጥቂቱን ለመልእክተኛነት ያቆየዋል፤ ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ በሕዋሱ ውስጥ ሲበዛ አደጋ መምጣቱን የሚያስታውቅ ምልክት ይሆናልና። ለዚህ ነገር የኢትዮጵያ ገብስ ታላቅ ምስክር ነው። በ1937 እና በ1938 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ አገሪቱ በወረራ ላይ ሳለች፥ ከጀርመን የመጡ ሰብሳቢዎች የገብስ ዘር ወስደው ነበር። ከዚያም ዘር መካከል ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰው የሻጋታ በሽታ የማይደፍረው ተገኘ። ሻጋታው ሊወጋ በሚሞክርበት ስፍራ ሕዋሱ ግድግዳውን ያደነድናል፤ በዚያም ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ ይከማቻል። የአውሮፓ ገበሬዎች ብዙ ዘመን የዚህን ዘር ልጆች ሲዘሩ ኖረዋል። በአገር ውስጥ ግን የዘር ማከማቻ ማዕከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1976 ነው፤ ይህን ያህል መዘግየቱ የሚያስቈጭ ነው።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ገጽ የሚወርደው ውሃ በመቂ ወንዝ አድርጎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዝዋይም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይሄዳል። አብያታ መውጫ የለውም። ውሃው በፀሐይ ኃይል ወደ አየር ይሄዳል፥ ጨው ግን ክንፍ ስለሌለው ይቀራል፤ ስለዚህ በተራራው ላይ ጣፋጭ የነበረው ውሃ በመጨረሻው ሐይቅ እንደማይጠጣ ሆኖ ይገኛል። መውጫ ቦይ ያልተቈፈረለት የመስኖ እርሻም ሁሉ ትንሽ አብያታ ነው። ለምሳሌ በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ጨው ብቻ ያለበት ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት 10000 ሜትር ኩብ ቢፈስስ፥ በመሬቱ ላይ 5000 ኪሎ፥ ማለት 50 ኩንታል ጨው ይጨምራል። ውሃውን ለቀመሰው ሰው ግን የጨው ጣዕም ጨርሶ አይሰማውም።

አቤሜሌክ ሴኬምን ካፈረሰ በኋላ ጨው እንደ ዘራባት በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ተጽፎ ይገኛል። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ ጨው የዘራ ጠላት አልነበረም፤ ጥጥ ይበቅልበት የነበረውን መሬት ያስተወው የመስኖው ውሃ ራሱ ነው። መውጫ ስላልተበጀለት የምድር ውስጡ ውሃ ከፍ እያለ መጣ፥ ጨዉንም ይዞ ወጣ።

ጨው ተክልን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ውሃውን በመሬት ውስጥ ይዞ ስለሚያስቀር ሥሩ እርጥብ ምድር ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ቀጥሎም ሶዲየም የተባለው የጨው ክፍል ፖታሲየምን ስለሚመስል በእርሱ ስፍራ ገብቶ የሕዋሱን ሥራ ያበላሻል። የጠማውም ቅጠል ውሃ እንዳይወጣበት የአየር ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ቀዳዳው ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም፤ ወፍጮው እህል አጥቶ ይዞራል፥ ያም ክፉ ኦክሲጅን እንደገና ይበዛል። እንዲህ ሆኖ በአረቅጥ በብርድ፥ በአሚባራ በጨው የሚደርሰው ጉዳት በሕዋሱ ውስጥ ወደ አንድ በር ይገባል።

በ1990ዎቹ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ቻይናዊው ሊቅ ጂያን ካንግ ዙ፥ ከጎመን ወገን በሆነች አረቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ አረም ላይ ተክሉ ጨውን የሚያስወጣበትን ሥርዓት መረመሩ። ጨው ሲገባ በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይነቃነቃል፤ አንድ ፕሮቲን ይህን አይቶ ሁለተኛውን ያነቃል፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውን፥ ማለት ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በረኛ ያዝዛል። ያልወጣው ደግሞ ቫኩዮል በሚባለው የሕዋሱ ጎተራ ውስጥ ይቈለፍበታል። በ2001 ዣንግና ብሉምዋልድ የዚህን ጎተራ በረኛ ቍጥር ያበዙለት ቲማቲም በሊትር 12 ግራም ያህል ጨው ባለበት ውሃ አድጎ አፈራ። ሆኖም በመስታወት ቤት የተገኘ ነገር ሁሉ በእርሻ ላይ እንዲሁ አይገኝም፤ የእርሻው ጨው ከድርቅና ከሙቀት ጋር ይመጣልና።

እስከዚያው ድረስ መለኪያው ለሹማምንቱ ይጠቅማል። የመሬት ጨው በዴሲሲመንስ በሜትር ሲለካ፥ የሽንኩርት ምርት ከ1.2፥ የበቈሎ ከ1.7፥ የቲማቲም ከ2.5 በላይ መቀነስ ይጀምራል፤ ገብስ ግን እስከ 8 ይታገሣል። በመቂና በዝዋይ ሜዳ በመስኖ በብዛት የሚተከሉት ሽንኩርትና ቲማቲም መሆናቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በደጋው ያለው ሥራ የቀለለ ነው። ፖታሲየም የጎደለው ቅጠል በብርቱ ብርሃን ይልቁን እንደሚጎዳ ታውቋል፤ የጉራጌ ሴቶች በየማለዳው ከቤት እያወጡ በእንሰቱ ሥር የሚደፉት ፍግና አመድም ይህንኑ ፖታሲየም የያዘ ነው። በቆላው ግን ቅርጫት አይበቃም። ውሃ የሚገባበት ቦይ ሲቈፈር የሚወጣበትም አብሮ መቈፈር አለበት፤ ወጪውም ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ካልገባ፥ በአሚባራ እንደ ታየው፥ ጨው ከወጣ በኋላ በእጥፍ የሚከፈል ይሆናል።