ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የዊንዶውስ ፈቃድ ለምን ይቋረጣል?

ትልልቅ ድርጅቶች የተገለገሉባቸውን ኮምፒውተሮች ለትምህርት ቤቶች ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበራት መስጠታቸው የተለመደ ነው። ባለሙያዎችም አንዱን ኮምፒውተር አዘጋጅተው ሙሉ ቅጂውን፣ በሙያው አጠራር ኢሜጁን፣ በሌሎቹ ላይ ይጭናሉ። ሥራው ይፈጥናል፤ ከወራት በኋላ ግን በስክሪኑ ጥግ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል።

ምክንያቱ በአብዛኛው የፈቃዱ ዓይነት ነው። ድርጅቶች የሚገለገሉበት የጥቅል ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚታደሰው በራሳቸው ሰርቨር አማካይነት ነው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ሰርቨር ጋር ሳይገናኝ 180 ቀናት ካለፉት ፈቃዱ ይቋረጣል። የተለገሰው ኮምፒውተር ደግሞ ከሰጪው ድርጅት ግቢ ከወጣ በኋላ ሰርቨሩን አያገኘውም። በርክክቡ ዕለት ሁሉም ነገር የተሟላ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ኮምፒውተሩ የራሱ ፈቃድ የለውም ማለት አይደለም። ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ፈቃድ የተሳሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ነው። በ2005 ዓ.ም. ገበያ ላይ ከዋለው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ የፈቃዱ ቁልፍ በማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ቢጠረግ ወይም ቢቀየር አይጠፋም። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ግን አብሮ ይሄዳል። በዊንዶውስ 7 ዘመን ቁልፉ በቀፎው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ያ ቁልፍ ብቻውን ለአዲሱ ዊንዶውስ አይበቃም።

በተግባር በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት የዕትም አለመጣጣም ነው። በቺፑ ላይ ያለው ቁልፍ የ«ሆም» ዕትም ሆኖ የተጫነው ኢሜጅ «ፕሮ» ከሆነ አክቲቬት አይሆንም። መፍትሔው ኢሜጁ ከመዘጋጀቱ በፊት የየኮምፒውተሩን ዕትም ማጣራትና ተመሳሳዩን መጫን ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ኢሜጁ ከመቀዳቱ በፊት «ሲስፕሬፕ» በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ካልተዘጋጀ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አንድ መለያ ይዘው ይቀራሉ። የራሱ ሰርቨር ያለው ተቋም ቢሆን እንኳ ሰርቨሩ ሥራ የሚጀምረው 25 የተለያዩ ኮምፒውተሮችን ሲቆጥር ነው፤ መለያቸው አንድ የሆነ 30 ኮምፒውተሮች ለእርሱ እንደ አንድ ናቸው።

ችግሩ ሲገጥም ብዙዎች የሚሮጡት በፍላሽ ወደሚዞረው «አክቲቬተር» ነው። ይህ ፕሮግራም አንቲቫይረስ እንዲጠፋ ይጠይቃል፤ የማኅበር ሒሳብ ወይም የተማሪ ውጤት በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ይህን መፍቀድ በርን ለሌባ ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በርካታ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ለእነዚህ እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ሥርዓት አማራጭ ነው፦ አክቲቬሽን አይጠይቅም፣ በአማርኛም ይጻፍበታል፣ አንዱ ኢሜጅ በፈለጉት ብዛት ሊጫን ይችላል።