ሰደፍም ባላ ይፈልጋል

ቆሞ የሚተኩስ አዳኝ ጠመንጃውን በሁለት ቦታ ይይዛል፤ በግራ እጁ የፊት እንጨቱን፣ በትከሻውና በቀኝ እጁ ሰደፉን። ለአዳኞች የሚሸጡት የጠመንጃ ባላዎች አብዛኞቹ የሚያግዙት ግራ እጁን ብቻ ነው። አንድ እግር ይኑራቸው፣ ሁለት ወይም ሦስት፣ ሰደፉን ለሰውየው ትከሻ ጥለውለት ይቀራሉ። ባለ አራት እግሩ ባላ ግን ከፊት እንጨቱ ጋር ሰደፉንም ይሸከማል። በአውሮፓ አጋዘን አዳኞች ዘንድ እየተለመደ የመጣው ይህ መሣሪያ ለአንዳንዱ የሰነፍ ምርኩዝ፣ ለሌላው ትርፍ ሸክም ይመስለዋል። ነገሩን በልኬት ላየው ሰው ግን በማይሮጥ እንስሳ ላይ ቆሞ ለሚተኩስ ሁሉ ከጠመንጃው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ ይኸው ነው።

አሠራሩን ላላየ እንዲህ ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ አራት ረጃጅም ቀጫጭን ዘንጎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል። እያንዳንዱ ጥንድ ከጫፉ ዝቅ ብሎ በማጠፊያ ስለተያያዘ፣ እግሮቹ ሲከፈቱ ከላይ ጠመንጃ የሚያርፍበት ባላ ይፈጠራል። የፊተኛው ባላ የጠመንጃውን የፊት እንጨት ይቀበላል፣ የኋለኛው ሰደፉን። ሁለቱ ጥንዶች እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው ሲታጠፉ በአንድ እጅ የሚያዝ ዱላ ይሆናሉ፤ አዳኙም ዳገት ሲወጣ ይመረኮዘዋል። ጠመንጃ የሚነካበት ቦታ በጎማ ወይም በስፖንጅ ይለበጣል፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማው ኳታ የአጋዘን ጆሮ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። የዴንማርኩ ቫይፐር-ፍሌክስና የፈረንሳዩ ፎር ስቴብል ስቲክ ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። አያያዙም የራሱ ደንብ አለው። ግራ እጅ የፊት እንጨቱንና ባላውን አንድ ላይ ይጨብጣል፣ ቀኝ እጅ ለቃታው ብቻ ይቀራል። አፈሙዙ ከፍ ያለ እንደሆነ የኋለኞቹን ሁለት እግሮች ጥቂት ማጥበብ ነው፤ ሰደፉ ይነሣል፣ አፈሙዙ ይወርዳል። ዝቅ ያለ እንደሆነ ማስፋት። ባላው ላይ የሚያርፈው ደግሞ ምንጊዜም እንጨቱ እንጂ በርሜሉ አይደለም፤ በርሜል ጠንካራ ነገር ከተደገፈ ጥይቱ ከለመደው ቦታ ይሸሻል።

ለሰደፉ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? ከፊተኛው ባላ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት በተለመደ የአደን ጠመንጃ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፊቱ ባላው ላይ ጸንቶ ሰደፉ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል፤ በ200 ሜትር ላይ 30። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት እጅግ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ሰደፉን የያዘው የሰው አካል ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ሳይነቃነቅ መቆም አይችልም። ትንፋሽ ደረትን ያነሣል፣ ይጥላል። ልብ በመታ ቁጥር ትገፋለች። ጡንቻ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነው እንኳ፣ በሴኮንድ 10 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ሰውየው አቀበት ወጥቶ የደረሰ ከሆነ፣ ወይም አጋዘኑ ድንገት ከፊቱ ብቅ ብሎ ከሆነ፣ ሁሉም ይብሳል። ይህ ሁሉ ወደ ጠመንጃው የሚገባው በትከሻ በኩል ነው፤ ማለትም ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ባላ ክፍት ትተው በሚሄዱት በር። ከፊት የጸና ከኋላ የላላ ጠመንጃ ሰውየውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ክብደቱ ከእጁ ስለወረደለት የተረጋጋ ይመስለዋል፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩ መስቀለኛ መስመር ግን ከእንስሳው ትከሻ ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ትከሻው ይመላለሳል።

የቆሞ መተኮስ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ወደ ባያትሎን መመልከት ይበቃል። በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በመሃል በመሃሉ 50 ሜትር ርቆ ያለ ዒላማ የሚመቱበት ይህ ስፖርት ለተኝቶ መተኮስ 45 ሚሊ ሜትር፣ ለቆሞ መተኮስ ደግሞ 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያስቀምጣል። በቆዳ ስፋት ሲሰላ የቆሞው ዒላማ ከተኝቶው ስድስት ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጣል። እነዚህ ተወዳዳሪዎች በዓለም ላይ ከሚገኙት ምርጥ ተኳሾች መካከል ናቸው፣ ሥራቸውም ይኸው ነው፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ለእነሱም ቢሆን ቆሞ መተኮስ ይህን ያህል እንደሚያጎድል አውቀው ቅናሽ አድርገውላቸዋል። በብሪታንያ ለአጋዘን አዳኞች የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ የብቃት ፈተናም ያው ሐሳብ አለበት። ተፈታኙ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን የሞት ክልል ተኝቶ በ100 ሜትር፣ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ በ70 ሜትር፣ ቆሞ በ40 ሜትር መምታት ይጠበቅበታል። አቋሙ በከፋ ቁጥር ርቀቱ ያጥራል። አጋዘኑ ግን ስፋቱን አይጨምርም፣ ርቀቱንም አይቀንስም። ቅናሽ የማይደረግበት ቦታ ላይ ያለ ሰው ያለው አማራጭ ወይ መቅረብ፣ ወይ አቋሙን ማጽናት ነው።

ታዲያ ለምን ተኝቶ አይተኩስም የሚል ይኖራል። ቢቻልማ ከዚያ የሚሻል የለም። ግን አደን የሚደረግበት መሬት አይፈቅድም። በእንግሊዝ በበጋ ሣሩና ፈርኑ ወገብ ይደርሳል፤ የተኛ ሰው የሚያየው አገዳ ብቻ ነው። በአፍሪካ ሣር ምድርም እንዲሁ። በእኛው አገር በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ ምስሉ 10 ሳንቲማችን ላይ ያለው የደጋ አጋዘን በፈቃድና በኮታ በሚታደንባቸው ክልሎች፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ አጋዘኑም የሚታየው ብዙ ጊዜ ከሸለቆ ማዶ ነው። እዚያ ላይ ተኝቶ መተኮስ የወረቀት ምክር ነው። ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱም የሰው ደኅንነት ነው። ከፍ ብሎ የሚተኩስ ሰው ጥይት ወደ ታች ስለሚያዘነብል፣ እንስሳውን አልፎም ሆነ ስቶ ቶሎ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ሜዳ ላይ ተኝቶ የተተኮሰ ጥይት ግን ከመሬት ጋር ጎን ለጎን ሄዶ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ከቀረቡት ተቃውሞዎች ሁሉ ለእኔ ብልህ የሚመስለኝ የሦስት እግር ደጋፊዎች የሚያነሡት ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ የትም ጎርባጣ ላይ ቢያስቀምጡት አይንገዳገድም፣ ባለ አራቱ ግን አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል፤ ለባላውም ሕጉ አንድ ነው ይላሉ። ነገሩ እውነት የሚሆነው አራቱ እግሮች እንደ በርጩማው ድርቅ ብለው ከተሠሩ ነው። እዚህ ግን ጥንዶቹ ለየብቻቸው ይከፈታሉ፣ ይጠባሉ፤ አንደኛው እግር ድንጋይ ላይ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ቢያርፍም ማጠፊያው ልዩነቱን ይውጠዋል፣ የጠመንጃውና የሰውየው ክብደትም ይጫነዋል። በአፍሪካ ባለሙያ አስጎብኚ አዳኞች የሚወዱት ሦስት እግር ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በነፃነት ያዞራል፤ ከሰደፉ በቀር ሁሉንም ያሟላል። ጠመንጃውን ሚዛኑ ላይ ቆንጥጦ የሚይዝ ጭንቅላት ያላቸው ከባድ ሦስት እግሮችም አሉ። እነሱ በጽናት ከባለ አራቱ አያንሱም፣ ሊበልጡም ይችላሉ፤ ክብደታቸውና ለመዘርጋት የሚጠይቁት ጊዜ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ አዳኝ አይመችም።

የኩራት ተቃውሞም አለ። ድሮ ማን ባላ ይዞ አደነ፣ ጀግና ተኳሽ በክንዱ ይተማመናል ይባላል። በዚህ ወገን ስሙ ቶሎ የሚጠራው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል፣ በቅጽል ስሙ ካራሞጆ ቤል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በአፍሪካ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል፤ ብዙውንም የገደለው ለዝሆን ያንሳል በሚባል ቀጭን ጥይት፣ ቆሞ በእጁ እየተኮሰ ነው። ችሎታውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ዝሆን በጥቂት አሥር ሜትሮች ርቀት ላይ የቆመ ግድግዳ የሚያህል እንስሳ ነው፣ ቤልም ባዶ ጠመንጃ ሳይቀር እያነጣጠረ ያለማቋረጥ የሚለማመድ ሰው ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ ጫካ የሚወጣ ሰው 150 ሜትር ላይ ለቆመ አጋዘን እሱን ምስክር አድርጎ መጥራቱ አያስኬድም። ደግሞስ ጠመንጃን በድንጋይ፣ በግንድ፣ በኮርቻ ማስደገፍ ጠመንጃ በገባበት አገር ሁሉ የኖረ ብልሃት ነው። ባላው የሚጨምረው ነገር ቢኖር ድንጋዩ በሌለበት መገኘቱ ነው። ኩራቱ ለውድድር ሜዳ ይሁን፤ እዚያ የሳተ ነጥብ ያጣል። ጫካ ውስጥ ግን የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለው ሆዱን ተመትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባው እንስሳ ነው። ዕዳው ለሰውየውም ይተርፋል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የአደን ውል ቆስሎ የጠፋ እንስሳ እንደተገደለ ተቆጥሮ ክፍያው ይጠየቃል።

ፍጥነትን በተመለከተ ተቃዋሚዎቹ ግማሽ እውነት አላቸው። በጀርመን ወይም በስዊድን ውሻ እያባረረው የሚሮጥ የዱር ዓሣማ ላይ ባለ አራት እግር ባላ ምንም አያደርግም። ጠመንጃውን ከፊትና ከኋላ ስለሚይዘው ከእንስሳው ጋር ማዞር ያስቸግራል፤ አንዳንድ ሠሪዎች የፊተኛውን ባላ ሰፋ አድርገው ችግሩን ቢያቀሉትም አላጠፉትም። ለቆመ ወይም ቀስ እያለ ለሚግጥ እንስሳ ግን የለመደ እጅ በጥቂት ሴኮንዶች ይዘረጋዋል። እነዚያን ሴኮንዶች የማይሰጥ እንስሳ አስቀድሞም ሊተኮስበት የሚገባ አልነበረም። ከተኮሱም በኋላ ጥቅሙ አላለቀም። ጠመንጃው ቦታው ላይ ስለሚቀር አዳኙ ጥይቱ የት እንዳረፈ በመነጽሩ ያያል፣ ሁለተኛ ጥይት ካስፈለገም ሰደፉን ከባላው ሳያነሣ ያጎርሳል።

አንድ ክስ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ባላው ሰውን ያስደፍራል። ቀድሞ በ80 ሜትር ብቻ የሚተኩስ የነበረ ሰው መስቀለኛው መስመር ሳይነቃነቅ ሲያይ 250ን፣ 300ን ይመኛል። ባላው የሚያስወግደው የሰውየውን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ነፋሱን አያቆምም፣ ርቀቱን አይለካም፣ የጥይቱን መውረድ አያሰላም። የተለመደ የአጋዘን ጥይት 300 ሜትር ለመድረስ 0.4 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት የሚግጥ አጋዘን አንድ እርምጃ ሊራመድ ይችላል፣ ሳንባው ላይ የተነጣጠረውም ጥይት አንጀቱን ያገኛል። ስለዚህ ከባላው የተገኘውን ጽናት ርቀት ለመግዛት ያዋለ ሰው ያተረፈው ነገር የለም፤ የድሮውን የማቁሰል ዕድል ራቅ አድርጎ ተከለው እንጂ። የጽናቱ ቦታ በለመዱት ርቀት ውስጥ ነው፤ በ80 ሜትር ምናልባት የነበረውን እርግጠኛ ለማድረግ።

መሣሪያው ያለ ልምምድ ዋጋ የለውም። የመጀመሪያ ቀን ላይ እግሮቹ ይጠላለፋሉ፣ ማጠፊያው ይንጫጫል፣ ቁመቱ አይስማማም። የሣሎን ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ መዘርጋትና ማነጣጠርን እጅ እስኪለምደው መደጋገም ያስፈልጋል። ቀጥሎ የተኩስ ሜዳ ነው፤ እዚያም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን ጫካ ውስጥ እንደሚሆነው ቆሞ፣ በባላው ላይ። በዚህ ሁኔታ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት 10 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ማሳረፍ ያልቻለ ሰው በ100 ሜትር ላይ ባለ አጋዘን ላይ አይተኩስ፤ ክቡን እስኪሞላ ድረስ ይቅረብ፣ መቅረብ ካልቻለም ይተወው።