ነፃ የሚመስለው የዩኒቨርሲቲ ትምህርትና የጋሞ ተማሪዎች

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በምዝገባ ሰሞን ከሚፈርማቸው ወረቀቶች አንዱ የወጪ መጋራት ውል ነው። በግቢው ቋንቋ ኮስት ሸሪንግ ይባላል። ከጨንቻ፣ ከቦንኬ ወይም ከካምባ የመጣ ልጅ ቤተሰብ ግን ልጁ "በመንግሥት እየተማረ" እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ፣ በደርግም ዘመን፣ ለተማሪው ትምህርቱም ምግቡም ማደሪያውም ነፃ ነበር። በ1979 የተቋቋመው የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በዚሁ ሥርዓት ነው። ወጪን የመጋራት ሐሳብ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ገባ፤ በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ሕግ ሆነና በ1996 ሥራ ላይ ዋለ። ኢንስቲትዩቱ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገውም በዚያው በ1996 ነው። አጋጣሚ አይደለም። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በየክልሉ ሊያስፋፋ ሲነሣ ሁሉንም ወጪ ብቻውን መሸከም አልፈለገም። ሌላም ክርክር ነበረው፤ ልጁን ኮሌጅ ያልላከ ገበሬ በሚከፍለው ግብር የሌላው ልጅ ዲግሪ መያዙ ፍትሐዊ አይደለም የሚል። በእኔ እምነት ክርክሩ ውኃ ያነሣል።

አሠራሩ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው ጋር ይቀራረባል። ተማሪው የምግብና የማደሪያውን ሙሉ ዋጋ፣ ከመማሪያ ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ አሠሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለመንግሥት ያስገባል። መምህር የሚሆን ዕዳውን በአገልግሎት ይወጣል። ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥም የለም፤ ባንክ ቤት አያስይዝም። ከብዙ አገሮች የተማሪ ብድር ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ዕዳ ነው። ሥራ ያጣ ተመራቂን የሚያስጨንቀው ዕዳው ሳይከፈል ኦሪጅናል ዲግሪው እጁ አለመግባቱ ነው።

የጋሞን ልጅ ትምህርት የሚያሰናክለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዕዳ አይደለም። ውሉ የመኪና መሳፈሪያ፣ ሳሙና፣ ልብስ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስልክ አይሸፍንም። በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ወይም በፍሬሽነት (በአንደኛ ዓመት) ወደ ሩቅ ግቢ የተመደበ ልጅ ይህን የሚያገኘው አባቱ ሙዝ ወይም አፕል ሸጦ፣ እናቱ ዕቁብ ሲደርሳት፣ ወይም አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ አጎቱ ሲልክለት ነው። ሳይልኩለት በቀሩበት ወር ጓደኛውን ይለምናል፤ ሲከፋም ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ ይወጣል። ሴት ተማሪ ላይ ደግሞ ይከብዳል፤ የንጽሕና መጠበቂያ ዋጋ ብቻውን ቀላል አይደለም። የማይመለስ ድጎማ፣ በወር ጥቂት መቶ ብርም ቢሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ሰው ስኮላርሺፕ ሲባል የሚያስበው ውጭ አገርን ነው። በአገር ውስጥም አርአያ የሚሆን አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ፣ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያስተምራል። አርባ ምንጭም ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ባለው ትብብር የዶክትሬት ዕድሎችን አግኝቷል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ ያውም ለደጋው ገበሬ ልጅ፣ የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ሰው የሚያገኘው የተረፉትን ጥቂቶች ነው። በጋሞ ዲታ ወረዳ ተራራ ላይ ያለች ልጅ 11ኛና 12ኛ ክፍልን ለመማር ወረዳ ከተማ ቤት መከራየት አለባት፤ ስንቋን በየሳምንቱ ከቤት ተሸክማ ትመጣለች። ለእርሷ የሚከፈል የቤት ኪራይ፣ የሚገዛ መጽሐፍ፣ የሚቀጠር የሒሳብ አስጠኚ፣ ኋላ ከሚሰጥ ትልቅ ሽልማት ይበልጣል።

ስለዚህ በአዲስ አበባም በውጭም ያላችሁ የጋሞ ተወላጆች፣ ለተማሪ ገንዘብ ስታዋጡ የኮስት ሸሪንጉን ዕዳ ለደመወዙ ተዉለት። መዋጮው ከ11ኛ ክፍል ይጀምር፤ ግቢ ለገባው ደግሞ የወር የኪስ ገንዘብ ይሁን፤ እስኪመረቅም አይቋረጥ።